አምስተኛው ቀዘፋ

ኦድሪ ሃቨርካምፕ የገንዳውን ግድግዳ ያገኘችው በእጇ ሳይሆን በአናቷ ነበር።

በጀርባዋ ተንጋላ ባላት ጉልበት ሁሉ እየዋኘች ነበር። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ከገንዳው ማዶ ለማዶ በገመድ የተንጠለጠሉት ትንንሽ ባንዲራዎች በላይዋ አለፉ። መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ለአራተኛው ቀዘፋ ክንዷን ስታነሳ ጣሪያው ድንገት ጠፋባት።

ስትነቃ በዙሪያዋ ያለው ውሃ ቀልቷል። ሰው ይጯጯሃል። የዶርም ጓደኛዋ ሎረል ማቲስ ረጅሙን የተጎጂ ማንሻ ሰሌዳ አቅፋ ስትሮጥ አየች።

"አይዞሽ ኦድሪ! አንገትሽን እንዳታንቀሳቅሺ!" ትላለች ሎረል፣ እንባዋ እየወረደ።

ከወዲያ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ።

"እስከ አምስት መቁጠር ያቅታል? ወይ ፍሬሽ!"

ይህችኛዋ ዴላኒ ክሩገር ናት፤ የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ የቡድኑ ነባር የጀርባ ዋናተኛ። አዲስ ገቢዎቹን ከመጡበት ቀን ጀምሮ በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም።

በጀርባው የሚዋኝ ሰው ግድግዳውን አያይም። የሚያየው ባንዲራዎቹን ብቻ ነው። እነሱን ካለፈ በኋላ ስንት ቀዘፋ ግድግዳው ጋ እንደሚያደርሰው ያውቃል፤ ቆጥሮ የመጨረሻውን እጁን ይዘረጋል። የኦድሪ ቁጥር አምስት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አምስት ነው። በእንቅልፍ ልቧ ብትጠየቅም አምስት ነው የምትለው።

የቅዳሜው ውድድር ደግሞ ለጨዋታ አልነበረም። ኤልክረን ኮሌጅ በዚያ በጋ የዋና ቡድኑን ቁጥር ቀንሷል። ለጀርባ ዋና የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ለዚያች ቦታ ሦስት ሴቶች ተሰለፉ፤ ዴላኒና ሁለቱ አዲስ ገቢዎች፣ ኦድሪና ሎረል። አሰልጣኝ ቦይድ የመጨረሻውን ስም የሚያሳውቁት ሰኞ ነው።

ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ሆስፒታል መጡ። ኦድሪ አናቷ ተሰፍቶ፣ አንገቷ በደጋፊ ታስሮ ተጋድማለች።

"ኮች፣ ባንዲራው ቦታው ላይ አልነበረም" አለች ገና ሳይቀመጡ።

"ራሴ ሄጄ ለክቼዋለሁ። ቦታው ላይ ነው።"

"ሦስት ቆጥሬ አራተኛው ላይ ነው የመታኝ።"

"ስሚ ልጄ፣ ሰው ሲደነግጥ ቁጥር ይጠፋበታል። ነውር የለውም። ግን ግድግዳውን ማግኘት ያቃታትን ልጅ ቡድኔ ውስጥ አላስገባም። ገብቶሻል?"

ገብቷታል። ቦታውን ማጣት አንድ ነገር ነው። እስከ አምስት መቁጠር ያቃታት ልጅ ተብሎ ወደ ቤቷ፣ ወደ አዮዋ መመለስ ግን ሌላ ነው። ሎረል አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የድንች ጥብስ እያጎረሰቻት "እኔ አምንሻለሁ" አለቻት። ያንን ቀን በሙሉ ያመነቻት እሷ ብቻ ነበረች።

እሁድ ጠዋት ከሆስፒታል ስትወጣ የኮሌጁ ፖሊስ በር ላይ ጠበቀቻት። ሳጅን ኢቬት ካርሞና ትባላለች፤ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የመጣችው አደጋ ብላ መዝግባ ጉዳዩን ልትዘጋ ነበር።

"የራስሽ ስህተት ነው፣ አይደል?"

"አይደለም።"

"አሰልጣኝሽ ነው ይላሉ።"

"እሳቸው ውሃው ውስጥ አልነበሩም።"

ሳጅኗ ትክ ብላ አየቻት። "እኔ ዋና አልችልም። ባኞ ውስጥ እንኳ ልቤ ይደነግጣል። ግን ሰው ሲዋሽ አውቃለሁ፤ አንቺ ደግሞ እየዋሸሽ አይደለም። ነይ፣ አሳዪኝ።"

ገንዳው ጭር ብሏል። የባንዲራው ገመድ የታሰረባቸው ሁለቱ ቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች በገንዳው ግራና ቀኝ፣ ወለሉ ላይ ባሉ ቀዳዳዎቻቸው ተሰክተው ቆመዋል። ኦድሪ ቦታውን አየችው። ትክክል ነው። አሰልጣኙ አልዋሹም።

ሳጅኗ ግን እያለከለከች ተንበረከከች። "ይሄስ ምንድን ነው?"

ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ በናስ ክዳን የተዘጋ ሌላ ቀዳዳ አለ። ገንዳው ሲታደስ ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለገባ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ከጥቅም ውጪ ሆነው ተከድነዋል። በሌላው ጫፍ ያሉት የድሮ ክዳኖች ዙሪያቸውን አረንጓዴ ዝገት ይዟቸዋል። እዚህኛው ጫፍ ያሉት ሁለቱ ግን ዝገታቸው ተፍቋል። ናሱም ትኩስ ጭረት አለበት። ሳጅኗ በጥፍሯ ስትነካው ክዳኑ ተነሣ።

"ምሰሶው እዚህ ቢሰካስ?"

ኦድሪ በዓይኗ ለካችው።

"ሁለት ቀዘፋ ይጎድላል።"

ከዚያ በኋላ ጥያቄው የማን እጅ ነው የሚለው ሆነ። ምሰሶዎቹን አንድ ሰው ነቅሎ የድሮው ቀዳዳ ውስጥ ሰክቷል፤ ግርግሩ ውስጥ ደግሞ መልሷቸዋል። ማሟሟቂያው ላይ ባንዲራው ልክ ነበር። ስለዚህ የተነቀለው ሁሉም ለውድድር ልብስ ሊለብስ ወደ መልበሻ ክፍል ሲገባ ነው። ያ ልብስ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ለመልበስ ትንቅንቅ ይጠይቃል።

"ማን ቶሎ ወጣ?" አለች ሳጅኗ።

"ሎረል ቀድማ ለብሳ ነበር። የእኔን ማንገቻ ስባልኝ ወጣች። ግን…" ኦድሪ ቀና አለች። "ዴላኒ የውድድር ልብስ አልለበሰችም! የልምምድ አሮጌ ልብሷን ነው የለበሰችው። ምንም ትንቅንቅ አልነበረባትም!"

ይህን ስትናገር ደስ አላት። ጠላቷን አገኘቻት። ሰው ደግሞ ጠላቱን ጥፋተኛ ሆኖ ሲያገኘው ሌላ ቦታ አይፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ቪዲዮ ክፍል ተሰብስቧል። አሰልጣኝ ቦይድ የቅዳሜውን ውድድር ለትምህርት እያሳዩ ነው። ካሜራው የተተከለው ከውሃ በታች ስለሆነ ባንዲራዎቹ አይታዩም፤ የሚታየው ሰውነት፣ ክንድና ግድግዳ ነው። ኦድሪና ሳጅኗ ሲገቡ አሰልጣኙ የሎረል ምስል ላይ አቁመውታል።

"እዩ! ፊቷ ወደ ላይ፣ ጭንቅላቷ ንቅንቅ ሳይል፣ እጇ ግድግዳው ላይ። አጨራረስ ማለት ይሄ ነው።"

"ያቺ ደግሞ አጨራረሷን በአናቷ አደረገችው" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ክፍሉ ሳቀ። ኦድሪ ጆሮዋ ጋለ። ሎረል ቦታ ለቅቃላት እጇን ያዘቻት።

ሳጅኗ መብራቱን አበራች። "ዴላኒ ክሩገር የትኛዋ ናት?"

"እኔ ነኝ። ምን ጎደለ?"

"ትናንት ሌሎቹ ልብስ ሲለብሱ የት ነበርሽ?"

"መልበሻ ክፍል።"

"አሮጌ ልብስ ለብሰሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አዲሱን ሰጥተውኝ ቀደድኩት። ተቀምጬ ተናደድኩ። መናደድ ተከልክሏል እንዴ?"

"እጅሽን ከኪስሽ አውጪ።"

"ይበርደኛል።"

"በዚህ ሙቀት?"

ዴላኒ አሰልጣኙን አየቻቸው፤ ከዚያ ሳጅኗን። ቀስ ብላ ቀኝ እጇን አወጣች። ሁለቱ ጣቶቿ አብጠው ጠቁረዋል።

"ምሰሶውን ስትነቅይ ነው?" አለች ሳጅኗ።

"የምን ምሰሶ?"

"አውቃ ነው!" ኦድሪ ጮኸች። "ባንዲራውን ነቅላ ልትገድለኝ ነበር!"

"አንቺን ለመግደል እኔ ጣቴን አልሰብርም፣ ፍሬሽ! ለዚያ የምትበቂ አይደለሽም!"

ይህች ንግግር ኦድሪን እንደ ጥፊ አነቃቻት። ጣቴን አልሰብርም። ዞራ ስክሪኑን አየች።

"ኮች፣ የዴላኒን መስመር መልሰው ያሳዩን።"

"ለምን?"

"እባክዎ።"

መለሱት። ዴላኒ በመጨረሻዋ ሰዓት አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ አየች፤ አሰልጣኙ አራት ዓመት ሙሉ የጮኹባት መጥፎ ልማዷ ነው። ግድግዳው አጠገቧ ነበር። ክንዷን ልትሰበስብ ስትል ጣቶቿ ግድግዳውን ገጭተው ተጣጠፉ። ቀዘፋዋን አልጨረሰችም። እሷም ግድግዳውን ያልጠበቀችው ቦታ ነው ያገኘችው።

"ለምን አልተናገርሽም?" አሉ አሰልጣኙ። ድምፃቸው ወርዷል።

"ሰኞ ጣቷ የተሰበረች ዋናተኛ ይመርጣሉ?"

አሰልጣኙ ያበጡትን ጣቶቿን አዩ።

"ባንዲራው ልክ እንዳልነበረ ውሃው ውስጥ እያለሁ ነው የጠረጠርኩት" አለች ዴላኒ። "ግን ያንን ለመናገር እጄን ማሳየት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። አላፍርም አልልም፤ አፍራለሁ። ይኸው አያችሁት። ቦታዬም አበቃ።"

የኦድሪ እጅ አሁንም በሎረል እጅ ውስጥ ነው። ላብ ያዘው። የማን ላብ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። ቀስ ብላ እጇን ሳበች።

"ኮች፣ ቅድም ያመሰገኑትን አጨራረስ መልሰው ያሳዩን።"

ሎረል ስክሪኑ ላይ መጣች። ፊቷ ወደ ላይ። ጭንቅላቷ ንቅንቅ አይልም። እጇ ተዘርግቶ ግድግዳው ላይ አረፈ። ያማረ ነበር።

"ባንዲራው ተነቅሎ ነበር" አለች ኦድሪ። "ባንዲራውን አምነን የቆጠርነውን እኔንና ዴላኒን ግድግዳው መታን። ሎረል፣ አንቺ ዞረሽ አላየሽም። ታዲያ በምን አወቅሽ?"

"ጥሩ መጨረስም ወንጀል ሆነ?" ሎረል ለመሳቅ ሞከረች። "የ… የጣሪያውን ምልክት አይቼ ነዋ።"

"የትኛውን ምልክት?" አለች ዴላኒ። "አራት ዓመት ያንን ጣሪያ አፍጥጬ አይቼዋለሁ። የዝንብ ኩስ እንኳ የለበትም።"

ሳጅኗ ወደ ሎረል ተጠጋች። "ሰሌዳውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል?"

"ልረዳት ብዬ!"

"ከዚያ የእርዳታ ሳጥኑን ከማዶ አመጣሽ። ሁሉም ያመሰግንሻል። ሰሌዳው አንደኛው ምሰሶ አጠገብ ነው የተሰቀለው። ሳጥኑ ደግሞ ሌላኛው አጠገብ። ሰው ሁሉ ደሙን ሲያይ አንቺ ሁለቱም ጋ ነበርሽ።"

ሎረል አሰልጣኙን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ ኦድሪን።

"ጣት ብቻ መስሎኝ ነበር" አለች። "ጣታችሁን ትመቱና ትዘገያላችሁ ብዬ። ጭንቅላት ይሆናል አላልኩም። በእግዚአብሔር አላልኩም!"

"አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ድንች አጎረስሽኝ" አለች ኦድሪ።

"እና ምን ላድርግ? በሁለታችሁም እበለጣለሁ! ለኤልክረን ለመዋኘት የፈረምኩበትን ቀን ታውቂያለሽ? ትምህርት ቤቱ በሙሉ አዳራሽ ገባ። የኤልክረንን ቆብ አጠለቅኩ። ኬኩ ላይ ስሜ ነበር። አባቴ ጋራዡን በኮሌጁ ቀለም ቀባው። ከዚያ በበጋ ደውለው ለአንድ ቦታ ሦስት ናችሁ አሉን!" ወደ አሰልጣኙ ዞረች። "እርስዎ ቤታችን መጥተው እራት በልተው ቦታ አለሽ አላሉኝም? እኔ ተባርሬ ወደዚያ ጋራዥ አልመለስም!"

አሰልጣኝ ቦይድ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ያንኑ ቃል ለኦድሪም ሰጥተው ነበር፤ በእሷም ቤት በልተዋል።

ሳጅኗ የሎረልን ክንድ ይዛ ወጣች። በሩ ተዘጋ። ቅድም ከኋላ የቀለደው ልጅ ጫማውን ያያል።

ሰኞ የመጨረሻው ስም ተነገረ። የኦድሪ ነበር። ስፌቷ እስኪድን፣ ሐኪም እስኪፈቅድ ይጠበቃል አሉ አሰልጣኙ። ይቅርታ ግን አልጠየቁም። ኦድሪም አልጠበቀችም።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሐኪሙ ፈቀደላት። ገንዳው ዳር ደርሳ ግን ወዲያው አልገባችም። መጀመሪያ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ነቀነቀች። ከዚያ ገባች። በጀርባዋ ዋኘች። ባንዲራዎቹ በላይዋ ሲያልፉ ቁጥሩ ከራሷ ላይ ብን አለ። ቆመች። እንደገና ሞከረች። እንደገና ቆመች። ዋና ከጀመረች ወዲህ ባንዲራ ፈርታ አታውቅም፤ አሁን ግን ፈራች፣ አለቀሰችም።

"ምን ታለቃቅሻለሽ?"

ዴላኒ ናት። ጣቶቿ አሁንም በብረት ታስረዋል። በደህናው እጇ አንደኛውን ምሰሶ ጨብጣ ቆማለች።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ቦታዬን የወሰደች ልጅ ስትንቦጫረቅ ላይ። ይሄን ይዤዋለሁ። እኔ እስካለሁ የትም አይሄድም።"

"ማዶስ?"

"ማዶ ያለውን ከኮች ቢሮ ካመጣሁት ወንበር ጋር አስሬዋለሁ። ኮች ቢፈልግ ቆሞ ይሥራ። ሂጂ አልኩሽ!"

ኦድሪ ሄደች። ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተከለች። ባንዲራዎቹ አለፉ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ጣሪያው የሚጠፋባት መሰላት፤ ክንዷን ግን አነሳች። አራት።

አምስት። እጇ ግድግዳው ላይ አረፈ።

ቀና ብላ ስታይ ዴላኒ ምሰሶውን እንደጨበጠች ነው።

"አዘገምሽ፣ ኦድሪ" አለቻት። "ድገሚው።"