ከፈተናው በኋላ እንነግራታለን

በአንድ ቤት ለትልቅ ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ሲኖር የቤቱ ጠባይ ይለወጣል። ሬዲዮው ይቀነሳል፣ በር ቀስ ተብሎ ይዘጋል፣ ክፉ ወሬ ከመጣም ልጁ እንዳይሰማው በሹክሹክታ ይወራል። ይህን የምናደርገው ከፍቅር ነው። የዚህ ታሪክ ቤተሰብም ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ከፍቅር ነበር፤ ታሪኩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

አባት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እናት መስኮት ሥር ባስቀመጠቻት የስፌት መኪና የሰፈሩን ሰው ታለብስ ነበር። ታላቋ ልጃቸው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከቤታቸው አለፍ ብሎ ትንሽ ሱቅ አላት። ታናሿን ግን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ዳኛዋ» ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ገና ጥርሷን በምትነቅልበት ዕድሜ፣ የጎረቤት ልጆች ሲጣሉ መሀል ትገባና «ቆይ፣ አንቺ ጨርሺ፤ ከዚያ እሱ ይናገራል» እያለች ታከራክራቸው ነበር። አንድ ቀን አባትና እናት በወጡ ጨው ሲነታረኩ ሁለቱንም በጥሞና አዳመጠችና፣ አባት ሳህን እንዲያጥብ፣ እናት እንድታደርቅ ፈረደችባቸው። ሁለቱም ሳቃቸውን አፍነው ፍርዱን ፈጸሙ።

ስለዚህ ዳኛዋ አድጋ የሕግ ትምህርት ቤት እገባለሁ ስትል የገረመው ሰው አልነበረም። የመግቢያው ፈተና ግን ቀላል አልነበረም። ረጃጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ሐሳቡን ማውጣት፣ የሰውን ክርክር መርምሮ ቀዳዳውን ማግኘት፣ ሕግ መማር ለምን እንደፈለጉ ድርሰት መጻፍ፤ ይህን ሁሉ ላለፈ ደግሞ ቃለ መጠይቅ አለ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ እናት የምትወደው የአቀማመጡን ነበር። ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ሐኪሙ ከነጋዴው አጠገብ አይሆንም፤ መምህሯ ከሾፌሩ ፊት ለፊት ናት፤ ታዲያ ከአናጺው በስተቀኝ ያለው ማነው? ዳኛዋ በወረቀት ስትለፋ እናት ስድስት የሸሚዝ ቁልፎች በስፌት መኪናው ላይ ትደረድርና፣ ወዲህ ወዲያ አንቀሳቅሳ ከልጇ ቀድማ ትመልሳለች። «እኔ ልፈተንልሽ እንጂ» ትላታለች። ታላቋ ለምሳ ስትመጣ ሁለቱ ቁልፎቹ ላይ እንዳቀረቀሩ ታገኛቸዋለች፤ ምሳ ያሰበም የለ።

ፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዳኛዋ የማጠናከሪያ ትምህርት ወደሚሰጥበት ትልቅ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ሐሳቤን ይበትነዋል ብላ ዘመናዊ ስልኳን ለእህቷ ተወችና ለመደወል ብቻ የምትሆን ትንሽ ስልክ ያዘች። እሁድ እሁድ ልትደውል ተስማሙ።

እናት የታመመችው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። መጀመሪያ የሆድ ቁርጠት ነው ተባለ። እናት ራሷ፣ ልጄ ለሆድ ቁርጠት ብላ ከጥናቷ እንዳትዘናጋ፣ አትንገሯት አለች። ሁሉም ተስማማ። እየቆየ ግን ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ቀሚሷ ሰፋት፤ ሆስፒታል ስትተኛ በሽታው ጉበቷን እንደጎዳው ታወቀ። ሐኪሙ አባትን ለብቻው ጠርቶ ብዙ ተስፋ እንዳያደርግ ነገረው።

በሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ታላቋ፣ «አባባ፣ አሁንማ እንጥራት» አለችው።

አባት ቆቡን በእጁ እያዟዟረ ቆየ። «ብትሰማ ሁሉን ጥላ ነው የምትመጣው። መጥታስ ምን ታደርጋለች? ሐኪም አይደለች። እናትሽ ስትመኘው የኖረችው ነገር እዚህ ደርሶ ይበላሽ? ከፈተናው በኋላ እንነግራታለን።»

አክስትም በስልክ ይህንኑ ደገመች፤ ልጅቷ በደንብ ይዛዋለች፣ ምን በወጣት ትረበሻለች አለች። ታላቋ ልቧ አላመነበትም። ግን አባቷን መጋፈጥ ከበዳት፤ እውነቱን ለመናገርም ውስጥ ውስጡን እፎይ አለች፤ ያንን ወሬ በአፏ መናገር ፈርታ ነበር። እሁድ ዳኛዋ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው እሷ ሆነች። አንድ ጊዜ እማ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል ትላለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሠርግ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። ዳኛዋም ይቺ ሴትዮ ደንበኛ በዛባት፣ ጥያቄዎቼን ማን ይሥራልኝ እያለች ትስቃለች። ታላቋ አብራት ትስቅና፣ ስልኩ ሲዘጋ ወንበሯ ላይ ኩርምት ብላ ትቀራለች።

እናት በበኩሏ ሐሳቧን ቀይራ ነበር። አንድ ከሰዓት ታላቋ ፀጉሯን ስታበጥርላት እጇን ያዘችና፣ «ዳኛዬን ጥሩልኝ፤ ልያት» አለቻት።

ታላቋ ወደ አባቷ ዞረች። አባት ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ያኔ ታላቋ፣ እስካሁን እንዴት ከአፏ እንደወጣ የማታውቀውን ቃል ተናገረች።

«ነግረናታል እማ። ታውቃለች። ፈተናውን እንደጨረስኩ እመጣለሁ ብላለች።»

እናት የያዘችውን እጅ ለቀቀች። «ደግ አደረገች፤ ትፈተን» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጇ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ብቻ በር በተከፈተ ቁጥር ከትራሷ ቀና ትል ነበር።

ይህን የምታይ አንዲት ነርስ ነበረች። ጉሉኮሱን ቀይራ ስትወጣ ታላቋን ወደ ጎን ወሰደቻት። «በቤተሰብ ጉዳይ ልገባ አይደለም እህቴ። ግን እናትሽ ሰው እየጠበቁ ነው። ፈተናው ለከርሞም ይኖራል፤ እሳቸው ግን አይኖሩም።» ታላቋ የቀረው ትንሽ ጊዜ ነው፣ እናደርሳታለን አለች።

አላደረሷትም። እናት ፈተናው በሚሰጥበት ሳምንት፣ ከፈተናው ቀን በፊት ዐረፈች። ያኔም ቢሆን ልጅቷን ለቀብሩ ጠርቶ ከእናቷ ጋር ማሰናበት ይቻል ነበር። አባት ግን እዚህ ድረስ ደብቀን አሁን ብንነግራት እናቷንም ፈተናውንም ታጣለች አለ፤ ታላቋም አልተቃወመችም። እናት ታናሽ ልጇ ሳትቀብራት ተቀበረች።

የፈተናው ዕለት ታላቋና አክስቷ ከአዳራሹ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ታላቋ ልጅቷ ከሩቅ እንዳትደነግጥ ብላ በጥቁር ልብሷ ላይ አበባ ያለበት ሻርፕ ደርባለች። ዳኛዋ ከተፈታኞቹ መሀል እየሮጠች ወጣች፤ እህቷን ስታይ ደስታዋን መያዝ አቃታት።

«የአቀማመጡ ጥያቄ መጣ! ቁልፎቹ በዓይኔ እየመጡ ሠራሁት። ስልክሽን ስጪኝ፣ መጀመሪያ ለእማ ልንገራት።»

ታላቋ ስልኩን አልሰጠቻትም። ዳኛዋ እህቷን አየች፣ አክስቷን አየች፣ ከሻርፑ ሥር ጥቁሩን አየች። ማንም ሳይነግራት ገባት። ሌሎቹ ልጆች በስልክ መልስ እያመሳከሩ በሚያልፉበት የእግረኛ መንገድ ላይ ቁጭ አለች።

ደግፈው ወደ ቤት ወሰዷት። ለቅሶው ረገብ ሲልና ሰዉ ሲበተን፣ በእናቷ የስፌት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ «ጠይቃኝ ነበር?» አለች።

አባት አንገቱን ደፋ። ታላቋ አንድ ውሸት መጨመር እንደምትችል ታውቅ ነበር፤ አቃታት።

«ጠይቃሻለች።»

«ምን አላችኋት?»

«ታውቃለች፣ ከፈተናው በኋላ ትመጣለች አልናት።»

ዳኛዋ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «እንግዲህ እማ የሞተችው ፈተና መርጣብኝ ቀረች ብላ ነው» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌባ እንኳ ሳይሰሙት አይፈረድበትም። እናንተ ግን ሳትሰሙኝ ፈረዳችሁብኝ» አለች።

ውጤቱ መጣ፤ ከፍ ባለ ነጥብ አልፋለች። ለቃለ መጠይቁ ተጠራች፤ አልሄደችም። አባቷ አጠገቧ ተንበርክኮ ለእናትሽ ስትይ ብሎ ለመናት። እናቴ በመጨረሻ የፈለገችው እኔን ነበር ብላ መለሰችለት። ያ ሁሉ የተደበቀለት ፈተና እንዲሁ ባክኖ ቀረ።

ዓመት ካለፈ በኋላ ማንም ሳይጎተጉታት እንደገና አመለከተች። ተፈተነች፣ ቃለ መጠይቁንም አለፈችና ገባች። ነርሷ እንዳለችው ፈተናው ቦታው ላይ ቆይቶ ጠበቃት። ከእህቷ ጋር ግን ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ከመባባል ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም።

የመጀመሪያው ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ላይ ሳለች አባት መሪውን እንደያዘ ደረቱን ያዘው። አውቶቡሱን እንደ ምንም ዳር አስይዞ አቆመ። ታላቋ ሆስፒታል ስትደርስ ገና ሰላም ሳትለው፣ «ለዳኛዋ ደውዪላት» አላት። ፈተና ላይ መሆኗን ልታስታውሰው ስትል አቋረጣት። «ፈተና ላይም ትሁን ደውዪላት። መምጣት አለመምጣቱን ራሷ ትወስን። እኔ አንዴ ወስኜላት ያደረግኩትን አይተሻል።»

ታላቋ ደወለች። ሳትቀንስ ሳታለሰልስ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገረቻት። ዳኛዋ መጣች። ያመለጣትን ፈተና መምህሯ ሌላ ቀን ፈተኗት። አባትም ተረፈ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ታላላቅ እህቶችና ወንድሞች፣ በቤታችሁ የሚያጠና ልጅ ካለ ሬዲዮውን ቀንሱለት፤ ደግ ነው። የእናቱን፣ የአባቱን ሕመም ግን አትደብቁት። ይደነግጣል፣ ምናልባትም ይወድቃል። የወደቀ ልጅ ተመልሶ ይቀመጣል። ሳይሰናበት የቀረ ልጅ ግን የሚመለስበት የለውም።

ዳኛዋ ሆስፒታል በመጣችበት ምሽት፣ አባት እንቅልፍ ሲወስደው፣ ሁለቱ እህትማማቾች ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ዳኛዋ የወለሉን ንጣፍ እያየች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«እማን ‹ከፈተናው በኋላ ትመጣለች› ስትሏት ፊቷ ምን ይመስል ነበር?»

ታላቋ መልሱ ልጅቷን እንደሚያቆስላት ታውቃለች። የሚያጽናና ነገር አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። ከዚያ እጇን ያዘችና ከመጀመሪያዋ የሆድ ቁርጠት ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ዳኛዋም እያለቀሰች፣ አንድ ጊዜም ሳታቋርጣት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።