የካቦው ትርፍ

«ደረሰልሽ?» አለ ታጁ ከፊት በኩል።

«ገና ነው!» አለች ሂክማ። ቀኝ እጇ እስከ ብብቷ ድረስ በጀልባዋ የጎን ሳንቃ ሥር ገብቷል፤ ጉንጯ እንጨቱ ላይ ተለጥፏል፤ የአዲስ ቀለም ሽታ ጉሮሮዋን ይከረክራታል። ታጁ የሚገፋው ካቦ፣ ያ የሞተር ማዘዣ ሽቦ፣ በጨለማው ውስጥ እየተንፏቀቀ መጣና የጣቷን ጫፍ ነካ አደረጋት። «ያዝኩት! ግፋው! ግፋው!»

«ማሻአላህ!» ብሎ ታጁ ጮኸ። በዚያች ጩኸት የፎገራ ሜዳ ከብት በሙሉ ከግጦሹ ቀና ብሏል። «አያችሁ ወይ ሰዎች? ይሄ ክንድ አይደለም፣ እባብ ነው! ከወረታ እስከ አንበሳሜ ብትዞሩ በዚህች ቀዳዳ የሚገባ ክንድ ያላት የእህቴ ልጅ ብቻ ናት!»

እውነቱን ነው። ጀልባዋን ከበው ከቆሙት ሰዎች ክንዱ የሚያልፍ አልተገኘም። ደሴ የሚባለው የባጃጅ ሹፌር ሞክሮ ነበር፤ እጁ ተቀርቅሮ በሳሙና ነው የወጣው።

ታጁ የሂክማ እናት ታናሽ ወንድም ነው። በወረታ ከተማ ታጁ ያልፈታው ሞተር ቢኖር የአውሮፕላን ሞተር ብቻ ነው፤ እሱም አውሮፕላኑ ወረታ አርፎ ስለማያውቅ እንጂ ታጁ ፈርቶ አይደለም። የታመመ ባጃጅ ገና ከአደባባዩ ሲታጠፍ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። የሞተ የሩዝ መፈልፈያ እንኳ የታጁ እጅ ሲያርፍበት ከመቃብር ይነሳል ይባላል። ይህን የሚለው ራሱ ታጁ ነው፤ ሆኖም ግማሹን ቀንሰን ብናምነው የቀረው ግማሽ ለሁለት ሰው ዝና ይበቃል። ሂክማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው እሱ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ካቻቢቴና ፒንሳ አያያዟን ያየ ሰው ግን አብረዋት የተወለዱ ነው የሚመስለው።

ጀልባዋን የሠሩት ጋሽ ይልቃል ናቸው፤ የጓደኛዋ የናፍቆት አባት። አገራቸው ከሐይቁ ዳር ስለሆነ ናፍቆት ወረታ ላይ፣ እነሂክማ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ክረምት ሲሆን የርብ ወንዝ አልጋው ጠብቦት ሜዳው ላይ ወጥቶ ይተኛል፤ መስከረም ሊገባደድ ሲል እንኳ አልነሳም ይላል። መንገድ የሚባል ነገር ይጠፋል። ጋሽ ይልቃል ይህን የውሃ ጥጋብ ሊያስተነፍሱ ተነሱ። ሳንቃ ገጠሙ፣ ምሰሶ ተከሉ፣ የጭነት መኪና ሸራ ቀደው ሰፉ። እንዲህ ያለች ጀልባ ተሠራች፤ ኖኅ ቢያያት «ምነው ያን ጊዜ ይልቃልን ባማከርኩ!» ብሎ ይቆጭ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ በሸራዋ ትሄዳለች። ጠዋት ነፋሱ ሲጠፋ ደግሞ ከኋላዋ በተሰቀለው አሮጌ የጀልባ ሞተር።

ይህን ሞተር ጋሽ ይልቃል ከፊት በኩል ተቀምጠው በአንዲት እጀታ እንዲያዝዙት ነው ሁለቱ ካቦዎች የተዘረጉት፤ አንዱ የማርሽ፣ አንዱ የነዳጅ። ነገ ደመራ ነው። ጀልባዋ በጠዋት ናፍቆትንና ሌሎቹን የሐይቅ ዳር ተማሪዎች ለመስቀል ወደየቤታቸው ማድረስ አለባት።

ሂክማ ካቦዎቹን አስተካክላ በጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ እያጠበቀች እስከ ሞተሩ አንገት ድረስ አሰረቻቸው። የተረፈውን ደግሞ ፊት፣ እጀታው ሥር፣ እንደ ቀለበት ጠቅልላ አስቀመጠችው። አጎቷ ያስተማራት ሕግ ነው፤ ትርፉ ወደ ፊት፣ ሞተሩ ዘንድ ጥብቅ። ጋሽ ይልቃል እጀታውን ወደ ፊት ገፋ አደረጉ። ሞተሩ አጓራ። ውሃው ከኋላ ተፍለቀለቀ። ወደ ኋላ መለሱት፤ ሞተሩ እንደ ተገሠጸ ልጅ ዝም አለ።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ!» አሉ ጋሽ ይልቃል።

«ታጁ፣ ይሄ ባጃጅ አይደለም እኮ!» አለ ደሴ። «መሃል ውሃ ላይ ቢቆም ማን ወርዶ ሊገፋው ነው?»

«አንተ እጅህን ከሳንቃ ማውጣት ያቃተህ ሰውዬ፣ ዝም በል! እንከን ከተገኘበት ይህን ሪዜን በአደባባይ እላጫለሁ!»

ሰዉ ሁሉ «ኦሆሆ!» አለ። የታጁ ሪዝ እንዲህ በዋዛ የሚማሉበት ሪዝ አይደለም። ጥንድ ወፎች ጎጆ ቢሠሩበት ለልጆቻቸውም ቦታ ይተርፋል።

ሰዉ ሲበተን ሂክማና ናፍቆት መሣሪያ ለመሰብሰብ ቀሩ። ናፍቆት መሪውን የሚያዞረውን እንጨት ይዛ ተኮፈሰች። የጀልባዋ መሪና ሞተሩ በአንድ ዘንግ ስለተያያዙ አንዱ ሲዞር ሌላውም ይዞራል።

«እኔ ካፒቴን፣ አንቺ ተሳፋሪ» አለች ናፍቆት። «እነዚያ ግራሮች ጋ ስንደርስ ወደ ግራ፣ እንዲህ! ቀጥ ብለን እናቴ ደጅ! ነገ ከፊት ነው የምቀመጠው፤ ሙዴን ማንም እንዳይነካብኝ።»

ሂክማ የተከፈተውን የሞተር ክዳን ልትገጥም ጎንበስ ብላ ነበር። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። የነዳጁ ካቦ የሚስባት ትንሽ ብረት፣ እጀታውን ማንም ሳይነካው፣ በራሷ ቀስ ብላ ተነሳች።

«እስኪ መልሺው» አለች ሂክማ።

ናፍቆት ወደ መሃል መለሰችው። ብረቷ ተኛች።

ያኔ ለሂክማ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት። ባጃጅ ላይ የሚዞረው ፊት ያለው መሪ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ እንደ ሙሽራ ቁጭ ብሎ ነው የሚሄደው። ትርፉ ካቦ ፊት የሚቀመጠው ለዚህ ነው። እዚህ ግን ፊት ያለው እጀታ አይነቃነቅም፤ አንገቱን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ያ እንደ ክራር ጅማት የጠበቀው ካቦ ይወጠርና ነዳጁን ይከፍተዋል። ጋሽ ይልቃል ለመታጠፍ ዝግ ሲሉ ጀልባዋ እንደ ደነበረ በቅሎ ትፈናጠራለች። ሰው ሞልቷት። ከግራሮቹ ዘንድ፣ ውሃው ከሁሉ በሚጠልቅበት።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ሩዝ መሰለ» አለች ናፍቆት።

«ምንም» አለች ሂክማ፤ ክዳኑንም ገጠመችው።

ለአጎቷ ልትነግረው እየሮጠች ወደ ከተማ ሄደች። ግን ወሬው ቀድሟት ነበር። መናኸሪያው አካባቢ ስትደርስ ካቦ ዘርግታለች ይባል ነበር። ጋራዡ ደጅ ስትደርስ ሞተሩን ራሷ ገጥማለች። ታጁ ወንበር ላይ ቆሞ፣ በከበበው ሕዝብ መሃል፣ «የባሕር ዳር መሐንዲሶች ይህን ቢያዩ ዲፕሎማቸውን ይመልሳሉ!» ይላል። ሲያያት ብድግ አድርጎ አቀፋት። ሰዉ አጨበጨበ። አንድ ነጋዴ ሚሪንዳ ከፈተላት።

ሂክማ ሚሪንዳውን ያዘች። የአጎቷ ዓይን እንዲህ ሲያበራ አይታ አታውቅም። ጭብጨባው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጣፍጧታል። «ጋሽ ይልቃል ቀስ ብለው ነው የሚነዱት» አለች በልቧ። «ምናልባት ብዙ አያዞሩት ይሆናል።» እራት ላይ አፏን ከፈተች፤ እናቷ «የኔ መሐንዲስ!» ብላ አጎረሰቻት፤ ያ ጉርሻ ቃሏን ይዞ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ዳር ያልወጣ ሰው የለም። ያልመጡት አልጋ የያዙና ገና ያልተወለዱ ብቻ ናቸው። ተማሪዎቹ ቦርሳቸውን በጀርባ፣ አንዳንዶቹ የበዓል ዶሮ በክንፏ አንጠልጥለው ተሳፈሩ። ናፍቆት እንደዛተችው ከፊት ተቀምጣለች። ጋሽ ይልቃል አማትበው እጀታውን ያዙ። ታጁ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

ናፍቆት እጇን አወዛወዘችላት። «ሂኪዬ! ድፎ ዳቦ ይዤልሽ እመጣለሁ!»

ሂክማ እጇን ልታነሳ ብትል አልነሳ አላት። ውሃውን ረግጣ ገባችና የአጎቷን እጀ ጠባብ ያዘች።

«አጎቴ፣ ገመዱን አትፍታው።»

«ምነው?»

«ክዳኑን ክፈትና ሞተሩን ወደ ግራ አዙረው። ብረቷን እያት።»

ታጁ እየሳቀ ከፈተ፣ እየሳቀ አዞረ። ብረቷ ተነሳች። መለሰ፣ ደግሞ አዞረ። ከዚያ ታጁ ዝም አለ። ይህ በወረታ ታሪክ ደርሶ የማያውቅ ነገር ነው፤ ርብ ወደ ኋላ ፈሰሰ ቢባል ሰው ቶሎ ያምን ነበር። ፊት የተጠቀለለውን ትርፍ አየ፣ የጠበቀውን የሞተር አንገት አየ፣ በመጨረሻ የእህቱን ልጅ አየ።

ቀና ብሎ ድምፁን አነሳ። «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ! ካቦው ስህተት አለበት። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በባጃጅ ልማድ ነው ያሰርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው!»

መጀመሪያ ማንም አላመነም። ቀጥሎ ደሴ እጁን አጨበጨበ። «ሪዙ ይውረድ! ምላጭ አምጡ!»

«ይወርዳል!» አለ ታጁ።

«ቆይ እንጂ፣ ትናንት የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው ስትለን አልነበር?» አለ ደሴ።

«ክንዱ የእሷ፣ ጭንቅላቱ የእኔ! ጭንቅላት ሲሳሳት ክንድ ይከሰሳል እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ታጁም አብሮ ሳቀ፤ ሪዙን ግን እየዳሰሰ። ሂክማ አጎቷን ቀና ብላ አየችው። ሰማይ የሚነካ ጉራ ሲነፋ ስንቴ ሰምታዋለች፤ ራሱን የሚያሳንስ ውሸት ግን ከአፉ ሲወጣ ይህ መጀመሪያው ነው። ጀልባዋ ላይ ከተተከለው ምሰሶ በላይ ረዝሞ ታያት። አሁን ዝም ብትል ነገሩ አለቀ። ማንም አይጠይቃትም። የሚላጨው የእሱ ሪዝ ነው።

«እሱ አይደለም» አለች።

«በይ ተይ አንቺ ልጅ» አለ ታጁ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ትናንት አይቼው ነበር። ናፍቆት መሪውን ስታዞር አየሁት። እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

ሳቁ ቆመ። ናፍቆት አንድ እግሯን ከጀልባዋ አውጥታ ነበር፤ እንደዚያው ቆመች።

«እኔ እያዞርኩት? ምን ሆነሽ ነው ስልሽ?»

«አዎ።»

«እና ዛሬ እዚህ ስቀመጥ እያየሽኝ ነበር።»

ሂክማ ጭንቅላቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ናፍቆት ሌላውን እግሯን አውጥታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ሳታያት አለፈች።

ጋሽ ይልቃል እጀታውን ለቀው ተነሱ። ወደ ሂክማ ዞሩ። «ጥፋቱን ያወቀች እጅ ማስተካከያውንም ታውቃለች?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ትርፉን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ግን ማሰሪያው ሁሉ መፈታት አለበት። እስከ ቀትር ይፈጃል።»

«ደመራው ሳይለኮስ ካደረሰችን ይበቃል» አሉና ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «በሉ ልጆች፣ ሣሩ ላይ አረፍ በሉ። ዶሮዎቹን እሰሯቸው።»

ታጁ ፒንሳውን ከኪሱ አወጣ። ቁራጮቹን ራሱ ሊፈታ ጎንበስ ካለ በኋላ ሐሳቡን ለወጠና ለሂክማ ሰጣት። እሱ ሄዶ ፊት፣ ትርፉ ካቦ ዘንድ ተቀመጠ፤ «ግፋ» ስትለው ይገፋል፣ «በቃ» ስትለው ይተዋል። ታዛዥነቱ መልአክን ያስቀናል። ሂክማ ክንዷን ሳንቃው ሥር ከታ አንድ በአንድ ፈታች። ካላማዳሪያው ጠብቆ ስለነበር ጥፍሯ ተገነጠለ። ወደ ቀጣዩ አለፈች።

ትርፉ ወደ ኋላ መጥቶ ሞተሩ አንገት ላይ ሰፊ ጠመዝማዛ ሆኖ ሲንጠለጠል መሪውን የሚያዞር ሰው አስፈለጋት። ቀና ስትል ናፍቆት ቁጭ ብላለች፤ መቼ እንደተመለሰች አልሰማቻትም። ፊቷ ገና አልተፈታም። እጇ ግን መሪው ላይ ነው።

«ወዴት?» አለች ናፍቆት፣ ውሃውን እያየች።

«ወደ ግራ።»

ሞተሩ ዞረ። ብረቷ አልተነሳችም።

«አለቀ እንዴ? እንሳፈር?» ብሎ ደሴ ከሣሩ ላይ ጮኸ። ታጁ ደረቱን ነፍቶ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የሚወጣው አዋጅ ባሕር ዳር ድረስ ሊሰማ ነበር። ሂክማ መዳፏን ወደ አጎቷ ዘረጋች፤ ቆይ። ታጁ አፉን ዘጋ።

«አሁን እስከ መጨረሻው አዙሪው» አለች ለናፍቆት፣ ዓይኗን ከብረቷ ሳትነቅል። «ቀስ ብለሽ። እኔ በቃ እስክልሽ ድረስ።»