ሳይነቀል የቀረው ገመድ

ማረው የሞተው እጁን የመስኖ ፓምፑ ውስጥ እንዳስገባ ነው። የተሰነቀረበትን የእምቦጭ አረም ጎትቶ ሊያወጣ ማቆሚያውን ተጭኗል፤ መዘውሩ ቀጥ ማለቱንም በዓይኑ አይቷል። ያ የተረገመ ብረት ግን ራሱ ተነሥቶ ጎተተው። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰገን መንደሩ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ስትደርስ የሟች ወንድም ባየህ ጠመንጃውን ወልውሎ ጨርሷል።

«ፓምፑን የሸጠልን ሳልህ ነው። ዛሬ ሳይመሽ የወንድሜን ደም እመልሳለሁ!»

«እስኪመሽ ስጠኝ» አለችው ሰገን። ጠመንጃውን ብትቀማው ሌላ እንደማያጣ ታውቃለች።

ወረታ ከተማ ሱቁ ውስጥ ያገኘችው ሳልህ ፊቱ አመድ መስሏል። «ወላሂ፣ እኔ ብረቱን ነው የሸጥሁ! የሚያዝዘውን ኮምፒውተር የሠሩት ዘመነና ሉሊት ናቸው።»

ሉሊት አልደበቀችም። «የኮምፒውተሩን ከርነል፣ ዋናውን ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ ገና ሥራ ሳይጀምር አንብቦ ስህተት የሚጠቁም መሣሪያ አለን። ‹ማቆሚያውና ፓምፑን በየሰዓቱ የሚያስነሣው ትእዛዝ በአንድ ቅጽበት ከተገጣጠሙ የቆመው ፓምፕ መልሶ ይነሣል› ብሎ ጮኾ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ዘመነ ‹የሐሰት ጩኸት ነው› ብሎ ዘጋው። አብዛኛው ጩኸቱ እኮ ሐሰት ነው! አምኜው እኔ ራሴ ስጠግን ማቆሚያውን ብቻ እየተጫንሁ ስንቴ እጄን አስገብቻለሁ!»

ዘመነም አልካደም። «ተሳሳትሁ። በዚያ ሁሉ ሐሰት መሀል አንድ እውነት ቢያመልጠኝ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?»

ሰገን አንገበገባት። የዚህ ሰው አባት በማረው እጅ እንደሞተ፣ ደሙም በሽማግሌ እንደታረቀ አገር ያውቃል። ቂም ግን ማስረጃ አይሆንም።

ስትመለስ የዘመነን እናት እማማ ጸሐይነሽን ሩዝ ማሳቸው ላይ አገኘቻቸው። ፓምፓቸው ከማረው ፓምፕ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ማቆሚያውን ተጫኑና እስከ ምሰሶው ሄደው የመብራቱን ገመድ ነቀሉ፤ ከዚያ ነው እምቦጩን የነኩት።

«እማማ፣ ማቆሚያው አይበቃም?»

«አዬ ልጄ! ‹ገመዱን ሳትነቅዪ እጅሽን እንዳታስገቢ› ብሎ ልጄ በሚካኤል አስምሎኛል።»

«መቼ?»

«ገና ሲተክሉልኝ ነዋ!»

አመሻሹ ላይ ሁሉንም፣ የማረውን ሚስትና እማማ ጸሐይነሽንም ጭምር፣ ማረው የሞተበት ፓምፕ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«የሳልህ ብረት ደኅና ነው፤ የታዘዘውን አደረገ። ሉሊት ጩኸቱ ሐሰት ነው ብላ ስላመነች የገዛ እጇን ሳትፈራ ታስገባ ነበር። አንተስ ዘመነ? ሐሰት ነው ባልኸው ነገር እናትህን አስማልህ። ለማረው ግን ትንፍሽ አላልህም። ለእናትህ እውነት፣ ለማረው ሐሰት የሚሆን ጩኸት አለ?»

ዘመነ እናቱን አየ፤ ቀና ብለው አላዩትም።

«አዎ!» ብሎ ጮኸ። «አባቴን አፈር አልብሶ በሬ አርዶ ታረቀ። እኔ አልታረቅሁም! አንድ ቀን ሰዓቱ እንደሚገጥምለት አውቅ ነበር፤ ጠበቅሁት።»

ባየህ ጠመንጃውን ከሳልህ ወደ ዘመነ አዞረ። አፈሙዙን የያዘችው የማረው ሚስት ገላነሽ ናት።

«ተው! ጥይት ይገላግለዋል። ይኑር! እስር ቤት ተቀምጦ፣ እናቱ ገመድ በነቀለች ቁጥር ምን እንደሚሰማት ሲያስብ ይኑር!»

ሰገን ካቴናውን አወጣች። እማማ ጸሐይነሽ ወደ ምሰሶው ሄዱና የማረውን ፓምፕ ገመድ ነቀሉት።