የተጠቀለለው ምንጣፍ

ሁለቱ መንግሥታት የዕርቁን ውል በተፈራረሙ በዓመቱ፤ የዝናቡ ወራት ሊገባ ደመናው በወንዙ ላይ ሲያንዣብብ፤ አንድ የእንፋሎት ባቡር ጭሱን እየተፋ የድንበሩን ድልድይ ተሻገረ። በሦስተኛው ማዕረግ ፉርጎ የሽመና ፋብሪካው ሴቶች የመዝሙር ማኅበር ተሳፍሯል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ያንን ወንዝ ለመዘመር ብሎ የተሻገረ አልነበረምና በየጣቢያው ሕዝቡ ሊያያቸው ይጋፋል፤ እነርሱም በአዲሱ ጫማቸው ኩራት መሬት የረገጡ አይመስሉም።

ጫማውን የገዙላቸው ባለፋብሪካው ናቸው፤ በጦርነቱ ሻለቃ የነበሩ፣ ጢማቸው ከሰውየው ቀድሞ በር የሚገባ ጌታ። «በእንጨት ሶል እየተንኳኳችሁ ልታዋርዱኝ ነው?» ብለው ለስላሳ የቆዳ ጫማ አደሏቸው። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «አምራችሁ ከዘመራችሁ ማኅበሩ ይቀጥላል፤ ካሳፈራችሁኝ ግን ማኅበር ብሎ ነገር የለም፤ በሥራ ሰዓትም አፍ ይዘጋል!»

ይህን ከሰሙት አንዷ ፌንጣ የሚሏት፣ የተበጠሰ ክር የምትቀጥል ልጅ ነበረች። እግሯ አርፎ ስለማያውቅ ነው ፌንጣ ያሏት። ማለዳ ገብታ ማታ እስክትወጣ ከመሸመኛው መኪና ጩኸት ጋር የሚያስታርቃት መዝሙሩ ብቻ ነው፤ እርሱ ከተወሰደ ምን ሊቀራት?

ማኅበሩ ዱላ የሚያወዛውዝ መሪ ኖሮት አያውቅም። ሴቶቹ መዝሙር የሚያጠኑት እየሠሩ ነውና ምቱን ከመሸመኛው መኪና ይቀበላሉ፤ መኪናው በቆመ ቀን ደግሞ በእንጨት ሶላቸው የድንጋዩን ወለል እየመቱ ይዘምራሉ። ይህን ለጌታው የነገራቸው የለም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም።

ረፋድ ላይ በተጋበዙበት ከተማ ታላቅ አዳራሽ ለልምምድ ቆሙ። መድረኩ ቁርጭምጭሚት በሚውጥ ምንጣፍ ተሸፍኗል። መዝሙሩ ገና ከመጀመሩ እንደተበጠሰ ድር ተበታተነ፤ የፌንጣ አክስት ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ አፏን በመሐረብ ስትጠርግ፣ የቀኙ ረድፍ ገና ሁለተኛው አዝማች ላይ ነበር።

የጌታው ፊት ቲማቲም መሰለ። «ማታ ወጥታችሁ እጅ ትነሳላችሁ፤ ከዚያ አፋችሁን ሳትከፍቱ ትወርዳላችሁ። ማኅበሩም እዚህ ላይ አበቃ!» ብለው በሩን ድርግም አድርገው ወጡ።

«በሞትኩት!» አለች አክስት፤ «እንዲህ ከምንሆን ባቡሩ ድልድዩ ላይ በተገለበጠ!»

«አክስቴ፣ ስትዘምሪ እግርሽ ተሰምቶሻል?»

«የምን እግር?»

«እኮ! መኪናውም የለ፣ እግራችንም የለ። ጥጥ ላይ ቆመን እኮ ነው የምንዘምረው። ማታ ይሄን ምንጣፍ እንጠቀልለዋለን።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ! ሰው ፊት?»

«የአቡጀዲ ጥቅል ስንሸከም የኖርን ሰዎች ይሄ ያቅተናል? ማኅበሩ እንደሆነ አብቅቷል፤ ዘምረን ያብቃ።»

አክስት ጎንበስ ብላ የምንጣፉን ጫፍ በእጇ መዘነች።

በምሽቱ ሹማምንቱ ከፊት፣ የከተማው ሠራተኞች ከላይ ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ፤ ከመንግሥት የተላኩ መልእክተኛ ስለ ሰላም ረጅም ንግግር አደረጉ፤ መጋረጃውም ተገለጠ። ሴቶቹ ጎንበስ አሉ። ጌታው እጅ የነሱ መስሏቸው ራሳቸውን በኩራት ነቀነቁ፤ ቀና ሳይሉ ሲቀሩና ምንጣፉ መጠቅለል ሲጀምር ግን ጢማቸው ቆመ።

የአዳራሹ ጠባቂ ቋንቋቸውን እየሰባበረ ሮጦ መጣ። «እመቤቶቼ! ምንጣፉ የቤተ መንግሥት ስጦታ ነው!»

«አንበላውም ጌታዬ፤ ጥግ እናስይዘዋለን። ይልቅ ያንን ጫፍ ይያዙልን» አለችው ፌንጣ። ሰውየው ምን እንደነካው ሳያውቅ ያዘ።

ጫማቸውን አወለቁ። ፌንጣ በተረከዟ ሳንቃውን መታች፤ መድረኩ እንደ ከበሮ መለሰላት። ከፊት ወንበሮች ሳቅ ተነሣ።

«አንቺ! ውረጂ!» አሉ ጌታው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

«ስንጨርስ እወርዳለሁ፣ ጌታዬ» አለች፤ ምቷን ግን አላቋረጠችም።

የአክስቷ ተረከዝ ተከተለ፤ ከዚያ የሁሉም። ድምፃቸው አንድ ላይ ተነሣ፤ አንድም አልቀደመ፣ አንድም አልዘገየ። ሳቁ ጠፋ። ያን ጊዜ ከሰገነቱ ሌላ ምት ወረደ፤ የዚያ አገር ሸማኔዎች ነበሩ፤ ጥቁር የለበሱ እናቶች፣ ከጦሩ በአንድ እግር የተመለሱ ወንዶች። መኪናቸውም ያው መኪና ነውና ምቱን የሚያስተምራቸው አላስፈለጋቸውም። ጌታው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፋብሪካ ሲመለሱም አፍ ይዘጋ ብለው አልተናገሩም።

ስለዚያ ምሽት የታሪክ ጸሐፍት የመልእክተኛውን ንግግር ከነጭብጨባው አኑረውታል፤ ጌታው «የዕርቅ ወዳጅ» ተብለው ኒሻን መሸለማቸውንም ጽፈዋል። ስለ ምንጣፉ ግን ማንም አልጻፈም። ከመዝሙሩ በኋላ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ቀርቷል፤ ከመድረኩ ጥግ ግንድ የመሰለ ጥቅል ይታያል፤ ከፊቱ የተደረደሩት ሴቶች ሁሉ፣ የተሸላሚው ጢም ሳይቀር፣ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ የአንዲት ልጅ እግር ብቻ ደብዝዟል።