ያልታዘዘው ጽጌረዳ

«ወረቀቱን ለአበባ ሻጩ ሰጠሽው?»

«ሰጥቻለሁ» አለች ፌንጣ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ላይ ሳታነሳ።

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ወረቀቱ እዚያው ደብተር ውስጥ፣ በሁለት የሒሳብ ገጾች መሀል ተጣጥፎ ተቀምጧል። በአክስቷ ክብ ክብ ጽሕፈት፣ «ነጭ ጽጌረዳ። ለሙሽራዋ አንድ ትልቅ እቅፍ፣ ለሚዜዎች አራት ትንንሽ። ለእሁድ» ይላል። ዛሬ ደግሞ ማክሰኞ ነው።

«ምን አለሽ ታዲያ?»

«እሺ አለኝ።»

«እሺ ብቻ?»

«ሌላ ምን ይበል አክስቴ? አበባ ሻጭ እኮ ነው፣ ዳኛ አይደለም!»

አክስቷ ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች። ይሄ ደግሞ ባሰ። ብትጠረጥራት፣ ብትቆጣት ይሻል ነበር። የሚያምንን ሰው መዋሸት ይከብዳል።

ፌንጣ ያላት አባቷ ነው፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ዘልላ ወሬ መሀል ስለምትገባ። ስሙ ሲወጣላት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፣ ዝላዩ ግን አልቀነሰም። እሁድ የምታገባው ታላቅ እህቷ እታለም የዚህ ተቃራኒ ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ ውላ ማታ ስለ ራሷ አንዲት ቃል አይወጣትም። አባታቸው «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወዳል። እታለም ይህን አባባል እንደ ኪኒን ውጣዋለች። ፌንጣ ግን እስካሁን ማንቁርቷ ላይ እንደተሰነቀረ ነው።

እናታቸው ከሞተች አሥር ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው አክስታቸው ናት፣ የአባታቸው ታላቅ እህት። ዩኒፎርም የምታሰፋው እሷ፣ ሲያተኩሳቸው ግንባራቸውን የምትዳስሰው እሷ፣ የወላጅ ስብሰባ የምትሄደው እሷ። አሁን ደግሞ ሠርግ መጣ። ቀሚሱን መረጠች፤ ወንበሩን መረጠች፤ የእታለምን ጫማ ሳይቀር መረጠች፣ ጫማው አንድ ቁጥር ጠቦ እግሯን እየቀረጠፋት። አበባው ላይ ስትደርስ ነው ፌንጣ «በቃ!» ያለችው። በሆዷ ነው ታዲያ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እህትማማቾቹ ልብስ ሲያሰጡ ነው። የበጋው ፀሐይ ሣሩን ሁሉ አቃጥሎታል፤ ጎረቤት የተከላቸው አበቦች አንድ በአንድ ደርቀዋል። አጥሩ ላይ የተንሰራፋው ሐምራዊ አበባ ብቻ ማን አለብኝ ብሎ ፈክቷል። ውሃ የሚያጠጣው የለም፤ የሚከረክመውም የለም። እታለም አንሶላ እንደያዘች ቆማ አየችውና፣ «በእኔ ቢሆን ይሄን ነበር የምይዘው» አለች። ከዚያ አንሶላውን ሰቀለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ለፌንጣ ግን ከበቂ በላይ ነበር።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈተና አዘጋጀች። የሠርጉ ሥነ ሥርዓት ሜዳ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚካሄደው፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። አበባ ሻጩ የማይሸጣቸውን ሁለት ነጭ ጽጌረዳዎች ለምና አመጣች። እጇን እሾህ እየቧጨራት ከአጥሩ ላይ አንድ እቅፍ ቆረጠች። ሁሉንም በክር አስራ ልክ በዘጠኝ ሰዓት የሰገነቱ ግንብ ላይ፣ ፀሐዩ መሀል አስቀመጠቻቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። «እሰይ!» ብላ ዘለለች። ከዚያ ወደ አጥሩ አበባ ዞረች፤ ልቧ ወለቀ። ከጽጌረዳዎቹ ብሶ እንደ እርጥብ ወረቀት ተጨማዷል። ቅጠሉም ተልፈስፍሶ ተንጠልጥሏል።

ጉድ ፈላ። ጽጌረዳ አልታዘዘም፤ የአጥሩ አበባ አንድ ሰዓት አይቆይም፤ ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል። እሁድ እህቷ ባዶ እጇን ትቆማለች ማለት ነው፣ ያውም በማን ጥፋት?

እየሮጠች አበባ ሻጩ ጋ ደረሰች። ሽማግሌው መቀሱን እያጸዳ ነበር። የተጨማደደውን እቅፍ ስታሳየው አላዘነም፤ ተናደደ እንጂ።

«ከነቅጠሉ ነው ያሰርሽው?»

«አዎ። ምነው ጋሼ?»

«ምነው ትያለሽ! ውሃውን የሚጨርሰው እኮ ቅጠሉ ነው። ለአበባው ምን ሊተርፍለት?» ከእጇ ነጥቆ ቅጠሎቹን በአውራ ጣቱ ወደ ታች እየገፈፈ አሳያት። «አንዲት ቅጠል እንዳታስቀሪ። ከዚያ ዘንጉን በሰያፉ ትቆርጪና ሙሉ በሙሉ፣ ከነአበባው፣ ውሃ ውስጥ አስተኝተሽ ታሳድሪዋለሽ። የጠገበ ነገር ፀሐይ አይፈራም።»

«ጽጌረዳውስ እንዲህ ቢደረግ?»

«ጽጌረዳ ደህና አበባ ነው፤ ሰዉ ነው ወሩን የማያውቀው። በክረምት ጠዋት ለሚያገባ ነጭ ጽጌረዳ ራሴ እመርጥለታለሁ። በዚህ ሐሩር ሜዳ ላይ ለሚያገባ ግን አይሆንም እላለሁ፤ ማን ሊሰማኝ! ሰው ፎቶ ላይ ያየውን ነው የሚፈልገው፤ ፎቶ ደግሞ ሙቀት አያውቅም።» ከባልዲው ሦስት ትኩስ ጽጌረዳዎች መዘዘላት። «እነዚህን ደግሞ ውሃ ጠጥተው እንዲያድሩ አድርጊ። ፍርዱ እኩል ይሁን። እና ሰምተሻል? ትእዛዝ የምቀበለው እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ አክስትሽ ራሷ ብትመጣ ከየትም አላመጣላትም።»

ማታ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞልታ፣ ቅጠሉን ሁሉ ገፍፋ፣ አበባውን አስተኝታ አሳደረች። ጽጌረዳዎቹንም አልበደለቻቸውም፤ ባልዲ ሰጠቻቸው። ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሁለቱንም ግንቡ ላይ አወጣች። አሥር ሰዓት ሲሞላ ጽጌረዳዎቹ ዳር ዳራቸው ቡናማ ሆኖ ወደ ጎን ጋደል ብለዋል። ሐምራዊው አበባ ግን ቅጠል የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እታለም የዚያን ዕለት ከሥራ ቶሎ ወጥታ ነበር። የደረቀ ልብስ ልታነሳ ሰገነቱ ላይ ስትወጣ ደረሰችባት።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

ፌንጣ ይህችን ደቂቃ ነበር ስትጠብቅ የኖረችው። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ወረቀቱን እንዳልሰጠች፣ አክስቷን እንደዋሸች፣ ሽማግሌው ያስተማራትን፣ ሳፋውን። እቅፍ ልታደርጋት ነው ብላ እጆቿን ዘርግታ ነበር።

የእታለም ፊት ተለዋወጠ። «ማን ጠየቀሽ?»

«እንዴ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ይሄን ነበር የምይዘው ያልሽው?»

«ማን ጠየቀሽ ነው ያልኩሽ! አንቺና አክስቴን ምን ለያችሁ? እሷ ጽጌረዳ ትላለች፣ አንቺ የአጥር አበባ ትያለሽ። ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

«ብጠይቅሽስ ትመልሺልኝ ነበር?» ፌንጣ ጉንጯ ጋለ። «እኔን መቼ ነገርሽኝ፣ ለአንሶላ ነው የነገርሽው! ጫማው እግርሽን ሲልጥሽ እንኳ ‹ደህና ነው› ነው የምትዪው። አቦ እታለም፣ ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልፈልግም አይልም?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፣ ለዚያ ነው እንዲያ ያመማቸው። እታለም ልብሱን ሳታነሳ ወደ ታች ወረደች።

ፌንጣ ብቻዋን ቀረች። ገና አንድ ሰዓት ያህል አለ። ወረቀቱን ይዛ ብትሮጥ ትደርሳለች፤ ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ያበቃል። አክስቷ እንደሳቀችላት ትቀራለች። እህቷም እሁድ አንገቱን የደፋ ጽጌረዳ ይዛ «ደህና ነው» ትላለች። ወይም ደግሞ ዝም ብላ ሰዓቱ እስኪያልፍ ብትቀመጥ በውሸቷ አሸነፈች ማለት ነው። ይህኛው ነበር የሚጥማት፣ እውነቱን ለመናገር። «አንቺና አክስቴን ምን ለያችሁ» የሚለው ግን ጆሮዋ ውስጥ አልወጣ አለ። የትናንቱ ጭረት እንኳ እንዲህ አልቆጠቆጣትም። ሁለቱንም እቅፍ አንስታ ወረደች።

አክስቷ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ የተጋባዦቹን ስም ዝርዝር ዘርግታ እርሳስ ይዛለች። እታለም ከጎኗ ተቀምጣ ፖስታ ታጥፋለች። ፌንጣ አበቦቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወረቀቱን ከላይ አስቀመጠችው።

«አልሰጠሁትም አክስቴ። ጽጌረዳው አልታዘዘም። ዋሽቼሻለሁ።»

አክስቷ ወረቀቱን አየች፣ አበቦቹን አየች፣ ደግማ ወረቀቱን አየች። «አንቺ ልጅ... ደፈርሽኝ?»

«ስለ ውሸቱ ይቅርታ፤ ከልቤ ነው። ስለ አበባው ግን ይቅርታ አልልም። እዪው፣ ሁለቱም ባንድ ፀሐይ ነው የዋሉት።»

«የአጥር አበባ!» አክስቷ ተነሳች። «ፍየል እንኳ ንቆ የሚያልፈውን! ሰው ምን ይላል? እናት የላትምና አጥር ገንጥለው ዳሯት እንዲባል ነው? አሥር ዓመት ሙሉ እኮ ይህን ቃል ከዚህ ቤት ሳባርር ኖሬያለሁ!» ድምጿ ተሰበረ። ፌንጣ አክስቷ እንዲህ ፈርታ አይታት አታውቅም። «ሂጂ፣ አሁኑኑ ሄደሽ እዘዢ!»

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«እታለም ሂጂ ካለችኝ እበራለሁ። እሷ ካላለችኝ አልሄድም።»

አክስቷ ወደ ሙሽራዋ ዞረች። «በይ ንገሪያት!»

እታለም የያዘችውን ፖስታ አጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሩብ ይላል። ፌንጣ የምትለው ነገር አፏን ሞልቶት ነበር፤ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ሐሩሩ፣ ስለዚያች የአንሶላ ቀን። ምላሷን ነከሰች። ደቂቃዎቹ ሲሄዱ እየሰማች ነከሰችው።

በመጨረሻ እታለም ቀና ብላ እሷን አየቻት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«የማገባው እኔ አይደለሁም» አለች ፌንጣ።

እታለም ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ተነሳች። እያነከሰች ነበር፤ ቆም አለችና እንዲሰፋላት ብላ ያደረገችውን ጠባቡን የሠርግ ጫማ አወለቀችው።

«አክስቴ፣ ጽጌረዳ አልፈልግም።» ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይሰማል። «ይሄኛውን ነው የምይዘው። ጫማውም ይቀየርልኝ። እናት የላትም የሚል ሰው ካለ ደግሞ አንቺን አላየሽም ማለት ነው፤ ዓይኑን ይታከም።»

አክስቷ የወለቀውን ጫማ አየች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። እርሳሱን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። በነጠላ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ እህትማማቾቹ እንዳላዩ ሆኑ።

ፌንጣ ጫማዋን አደረገች።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«አበባ ሻጩ ጋ። እንዳይጠብቀን ልነግረው።»

«ቆዪኝ» አለች አክስቷ፣ ቦርሳዋን እየፈለገች። «አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺን ከእንግዲህ ብቻሽን የሚልክ ማን አለ?»