ከላይኛው ግቢ የሚታየው

ዋናው መሐንዲስ በታችኛው ግቢ የኮምፒዩተር ማሽን ክፍል ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው የውስጥ ስልኩን እጀታ እንደጨበጠ ነበር። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ የክፍሉን አየር ጠራርጎታል፤ በሩ ደግሞ ከውጭ ተቀርቅሯል።

ያገኘቻቸው ተረኛዋ ቴክኒሻን ናት። ምሳ እንውጣ ልትላቸው ሄዳ፣ መቀርቀሪያውን ስባ በሩን እንደከፈተች፣ ምክትላቸው ከላይኛው ግቢ እያለከለከ ደረሰና «ጋሼን ምን አደረግሻቸው?» ብሎ ጮኸባት። ወደዚያ ኮሪደር የሚያስገባ ቁልፍ ያላቸው እሷ፣ ምክትሉና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ገድሏል፤ ሦስቱም አሁን በታችኛው ግቢ የስብሰባ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ጠና ያሉ፣ እርምጃቸው የከበደ ሴት ነበሩ። የሰሙትን ሁሉ ስለሚያስደግሙ ባልደረቦቻቸው እሳቸው በሌሉበት «እስቲ ድገሙልኝ» ይሏቸዋል።

«ከሟቹ ጋር ትጨቃጨቅ ነበር አሉ» አሉት የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን።

«በየቀኑ እንጂ! ክፍሉን አቀዝቅዝ ይሉኛል፤ ለምን በረዶ ቤት አይከፍቱም እላቸዋለሁ።» ሊስቅ ሞከረና ድምፁ ተሰበረ። «ዛሬ ጣሪያ ላይ ነበርኩ፤ ማቀዝቀዣ ከሚጠግኑት ሰዎች ጋር። እነሱን ካላመኑ መላጣዬን ይዩት፤ ፀሐይዋ ፈርማበታለች።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ምክትሉ ዞሩ።

«እኔ ላይኛው ግቢ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ» አለ። «የማሽን ክፍሉ የኔትወርክ መንገድ ከስክሪኔ ላይ ጥፍት አለ። ደንግጬ ሮጥኩ።»

«እስቲ ድገምልኝ፤ እኔ የኮምፒዩተር ነገር አይገባኝም። ደውለህ እምቢ ብሎህ ነው?»

«ኧረ አልደወልኩም፤ በዓይኔ አየሁ! የእኛ ራውተር፣ ኔትወርኩን የሚያገናኘው ዕቃ፣ የሚያውቃቸውን መንገዶች ሁሉ ይዘረዝራል። የማሽን ክፍሉ ከመሀል ወጣ። አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ ያለችውን የመስመር ማከፋፈያ ስዊች ነቅሏል ማለት ነው። ስልኩም የጋዙ ደወልም በስዊቿ ነው የሚሠሩት። እዚህ ታች የነበረችው ደግሞ...» ቀሪውን ትቶ ተረኛዋን አየ።

የምክትሉ ወንበር ከተረኛዋ ወንበር ጋር ተጠጋግቶ ነበርና የትንፋሹ ሙቀት በጉንጯ ላይ ተሰማት። ፈቀቅ ማለት ፈልጋ ፈራች።

ኢንስፔክተሯ ተነስተው ወደ ውጭ ጠቀሷት። ኮሪደሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ሰማሽ፣ ልጄ?»

«ምንም።»

«ጥፋተኛ ሲፈራ በር በር ያያል። አንቺ ግን የምታይው ሰው ነው።»

«ከተናገርኩ እኔው ነኝ የምታሰረው» አለች። «የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። እናቴ ሽማግሌ ናት፤ ማን ያሳድግልኛል?»

«ዝም ካልሽም ትታሰሪያለሽ። እሱ ደግሞ ነገም እዚህ ይገባል።»

ተረኛዋ ጆሯቸው ሥር ሆና ነገረቻቸው።

ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ላይኛው ግቢ፣ ምክትሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ ከአንድ ፖሊስ ጋር ታች ኮሪደር ላይ ቀርቶ፣ ድምፁ በሞባይል ስልክ ማጉያ ይሰማ ነበር።

«ገዳዩ መጀመሪያ ስዊቿን ነቀለ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ሟቹ እንዳይደውሉ፣ ደወሉም እንዳይጮህ። ቀጥሎ በሩን ቀረቀረና የጋዙን እጀታ ሳበ። አንተ ደግሞ የስዊቿን መነቀል ከዚህ አየሁ ብለሃል። እስቲ አብረን እንይ። ንቀል!»

«ነቀልኩ» አለ ስልኩ።

ስክሪኑ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። አንድም መስመር አልጠፋም።

«ንገሪው» አሉ።

ተረኛዋ ምክትሉን ላለማየት ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «ዛሬ ጠዋት ከጋሼ ጋር... የታችኛውን ግቢ መንገዶች በሙሉ በሁለቱ ግቢዎች ድንበር ባለው ራውተር ላይ ወደ አንድ ጠቀለልናቸው። ጎረቤት ‹የእነ እከሌ ቤት› ብሎ እንደሚያውቀው ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ቢታመም ከደጅ አይታይም። አንዲት ክፍል እንኳ እስከሠራች ድረስ ከዚህ የሚታየው ያው አንድ መስመር ነው። የትኛዋ እንደተዘጋች የሚያውቀው ግቢው ውስጥ ያለ ብቻ ነው።»

«ለምን ደበቃችሁት?» አሉ ኢንስፔክተሯ።

«የኔትወርክ አድራሻዎቹን ለመጠቅለል ስንሰበስብ ከሰልፉ የወጣ አንድ ባዕድ አድራሻ አገኘን። የሰዎችን ስልክ የሚጠልፍ ዕቃ ነው። ጋሼ ‹ባለቤቱን ራሱን ሳልጠይቀው ለማንም እንዳትናገሪ› አሉኝ። የማን እንደሆነ አልነገሩኝም። በሞቱበት ቀን ኔትወርኩን በድብቅ ቀየርኩ ብል ማን ያምነኛል ብዬ...»

«እኔ አመንኩሽ» አሉ ኢንስፔክተሯ፤ ወደ ምክትሉም ዞሩ። «መንገዱ ሲጠፋ አላየህም፤ ሊጠፋ አይችልምና። ይህ ብቻ ቢሆን ተሳሳትኩ ባልክ። ነገር ግን ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ለአፍታ ብትቀመጥ ኖሮ ያ ረጅም ዝርዝር አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ታገኘው ነበር። አልተቀመጥክም። የትናንቱን ስክሪን ነው የተረክህልን። ስዊቿ መነቀሏን ያወቅኸው ራስህ ስለነቀልካት ነው። ሟቹ ስለ መጥለፊያው ዕቃ ሊጠይቁት የነበረውም አንተን ነው።»

ምክትሉ አልጮኸም፣ አልተወራጨም። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ያቺን ብቸኛ መስመር በጣቱ ነካት፤ እንደ ሥራ ጓደኛ፣ በለሆሳስ፣ ተረኛዋን ጠየቃት።

«መቼ ነው የቀየራችሁት?»

«ጠዋት» አለች። «አንተ ሳትገባ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ አብሯቸው የወጣው ሌላ ፖሊስ እጁን ሲይዘው እንኳ ዓይኑን ከመስመሯ አላነሳም።

«ሄሎ?» አለ ስልኩ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ተኛችሁ እንዴ? ስዊቿን ልሰካት ወይስ ትቆይ?»

ሁሉም ተረኛዋን አዩዋት። በሩ ከምክትሉ ኋላ እስኪዘጋ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ሰካት» አለች፤ የምክትሉ ወንበር ላይ ግን አልተቀመጠችም።