ፍሎራ እንዳይበርዳት

በባሕር ዳር ከተማችን በዊክ ነፋስ ይነፍሳል ማለት ነፋሱን መናቅ ነው። የከተማው ባለቤት ነፋሱ ነው፤ እኛ ተከራዮች ነን። በዚያ ዓመት የመጣው ብርድ ደግሞ አባቶቻችን ሲያወሩት የኖሩትን ብርድ ሁሉ ልጅ ያስመሰለ ነበር። የባሕር ወፎች ክንፋቸው ደርቆባቸው እንደ ሰው በእግራቸው ወደ ወደብ ሲወርዱ ታይተዋል። ማን አየ ለሚል፣ ያላየ ማን አለ?

በዚያ ሁሉ ብርድ መሐል ውርጭ ያልደፈረው አንድ መስኮት ብቻ ነበር፤ አክስት ጄሲ ቤት፣ ፎቁ ላይ፣ ሮሪ የተከራየው ክፍል። ሌላው ሰው የመስኮቱን በረዶ በቢላዋ ሲፍቅ የሮሪ መስታወት ላብ ያንጠባጥባል። የዚህ ላብ ምንጭ ግን ከብርዱ በፊት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ አውቶቡስ መጠበቂያ ውስጥ ነው።

ዝናብ ይዘንባል። ሮሪ ከወደቡ የበረዶ ፋብሪካ ሥራውን ጨርሶ መጠለያው ውስጥ ተቀምጧል። አጠገቡ አንዲት ልጅ፣ እግሯ ሥር አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ። የልጅቱ ቀይ ፀጉር ረጥቦ ጉንጯ ላይ ተለጥፏል፤ አንድ እጇን ካፖርቷ ውስጥ ከታለች። ሮሪ ዓይኑን ከጉንጯ ላይ ማንሣት አቅቶት ሳለ ከአንገትጌዋ ሥር ሌላ ራስ ብቅ አለ። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ምላሱን የሚያወጣ የሚያስገባ ራስ።

ውሻው ሄደ። እስከ ዛሬ ያየው የለም።

ሮሪ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እግሮቹን ተነሡ ብሏቸው ነበር፤ እምቢ አሉት። ልጅቱ ይህን አላወቀችም። ዞር ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፤ ሰው እንዲያ አይቶት አያውቅም።

«አንተ አትፈራም?»

እግሩ ቢከዳውም ምላሱ ከድቶት አያውቅም። «እባብ?» አለ። «እኔ እኮ ያደግሁት ከእባብ ጋር ነው።»

አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ሦስት እባብ አሳድጓል፤ አውቶቡሱ ውስጥ አንዱን ከጉድጓድ በጅራቱ ጎትቶ አውጥቷል፤ ሲወርዱ ደግሞ የአንዱን ስም ሳይቀር አስታውሶ በሐዘን ተክዟል። ልጅቱ ኢሽቤል ትባላለች። በካፖርቷ የያዘቻት ፍሎራ ናት፤ ከትንሹ የዘንዶ ዘር፣ ተጠቅልላ ስትተኛ ሁለት እጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ኢሽቤል ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት። ሰው የማይጠጋት ልጅ ነበረች አሉ፤ የሚወዷት ሁሉ ፍሎራን ሲያዩ እግሬ አውጪኝ እያሉ። ያልሸሸ ሮሪ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በወረቀት የተጠቀለለ ጥብስ ዓሣ እየበሉ የወደቡን ግንብ ከዳር እዳር ስንት ጊዜ እንደተመላለሱበት ድንጋዩ ይመስክር፤ መሐሉ ላይ ጎድጉዷል። ብዙ አይነጋገሩም ነበር። እሷ ባሕሩን ታያለች፣ እሱ እሷን ያያል፤ ዞር ስትል ባሕሩን ያያል።

ኢሽቤል የመርከብ ሞተር ልትማር ወደ አበርዲን የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ማደሪያው እንስሳ አያስገባም፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ከባሕር አይወጣም፤ አክስቷ ጄሲ የእባብ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ እንኳ ምድጃ ውስጥ የምትጨምር ሴት ናት። ስለዚህ አክስት ጄሲ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት ሁለቱ ፍሎራ የምትኖርበትን የመስታወት ሣጥን ተሸክመው ወደ ሮሪ ክፍል አወጡት። ኢሽቤል ከሣጥኑ ጣራ ሥር የተሰቀለውን ማሞቂያ አበራች፣ ቴርሞሜትሩን አሳየችው።

«ይህች ጥግ ከሠላሳ እንዳትወርድ» አለችው። «ከበረዳት የበላችው ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሳንባዋ ከታመመ ደግሞ አትተርፍም።»

ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ጓንቷን እያጠለቀች ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ሮሪ፣ ከፈራህ አሁን ንገረኝ። አሁን ብትነግረኝ አይከፋኝም። ኋላ ካወቅሁ ግን አብረን አንሆንም።»

ቴርሞሜትሩ ቀይ ዓይኑን አፍጥጧል።

«እኔ?» አለ ሮሪ። «ፍሎራን? እንዲያውም ትናፍቀኛለች።»

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተሳካ። ውኃዋን ረጅም አፍንጫ ባለው የአትክልት ማጠጫ በጣት ስፋት ከከፈተው የሣጥኑ በር ያፈስላታል። ምግቧ በረዶ የሆኑ አይጦች ናቸው፤ ፋብሪካው ውስጥ በምሳ ዕቃ ያስቀምጣቸዋል፤ የምሳ ዕቃውን በስህተት የከፈተ ባልደረባው እስካሁን ሥጋ አይበላም። የአይጡን በረዶ በሞቀ ውኃ አቅልጦ በምድጃ ጉጠት፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያቀርብላታል። እሷ አትበላም። ኢሽቤል በስልክ፣ በብርድ ወራት ይጾማሉ፣ አትጨነቅ ትለዋለች። እሱ ግን ይጨነቃል። ስሟን ለመጥራት እንኳ ድፍረት አጥቶ እሜቴ ይላታል፤ ሲያናግራት አንቱ እያለ ነው።

ከገና በፊት በነበረው ሳምንት፣ ያ የተወራለት ውርጭ በወረደ ማግስት፣ ማሞቂያው ተቃጠለ።

ሮሪ ሠላሳው ወደ ሃያ ስምንት ሲወርድ አየ። የዚያን ዕለት ደመወዙን ይዞ ሮጠ፣ አዲስ ማሞቂያ ገዝቶ መጣ። አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን መስቀል ነው፤ አንድ ብሎን ብቻ። ግን ብሎኑ ያለው ሣጥኑ ውስጥ፣ ልክ ከፍሎራ ራስ በላይ ነው። ክንድን እስከ ብብት፣ ራስን እስከ ጆሮ ማስገባት ይጠይቃል። ካቻቢቴውን ያዘ። ትንፋሹን ሳበ። በሩን ከፈተ። ፍሎራ ራሷን ቀና አደረገች።

ሮሪ ወደ ልቦናው ሲመለስ ካቻቢቴውን እንደጨበጠ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ደረጃውን መውረዱን አያስታውስም።

እርዱኝ እንዳይል ከተማው በሙሉ የእባብ ጀግንነቱን ሰምቷል፤ ለኢሽቤል እንዳይነግራት ያ በር ላይ የተናገረችው ጆሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አሰበ። ሣጥኑን ማሞቅ ካልቻለ ክፍሉን ያሞቃል።

የድንጋይ ከሰል ይሸከም ጀመር። በዚያ ወቅት ያን ደረጃ ያወጣው ከሰል አንድ መርከብ አሜሪካ ደርሶ ይመለስበታል። ቀን በረዶ ይፈልጣል፣ ምሳ ሰዓት ዳገቱን እየሮጠ ወጥቶ እሳት ይቆሰቁሳል፣ ጢሙ ላይ ያለው በረዶ በሩ ላይ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ሲወርድ መንገድ ላይ እንደገና ይደርቃል። ሲተኛ በየመሐሉ ብድግ እያለ ቁጥሩን ያያል። ሠላሳ ከሆነ ወደ ሃያ ዘጠኝ ትወርዳለች ብሎ ይሰጋል፤ ሠላሳ ሁለት ከሆነ ትቃጠላለች ብሎ መስኮት ይከፍታል፤ ይዘጋል፤ ይከፍታል። አዲሱ ማሞቂያ እሽጉ እንዳለ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ሮሪም እሱን ላለማየት ጀርባውን ይሰጠዋል።

«እሜቴ» ይላታል በላብ ተዘፍቆ፣ በቁምጣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፤ «ዛሬም አልበሉም? ምን ላድርግልዎ?»

ይህን አክስት ጄሲ ደረጃው ላይ ቆማ ሰማች። ስታንኳኳ ሮሪ በሩን በስንጥቅ ከፈተ፤ ካናቴራ የለው፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ከኋላው እንደ ዳቦ ቤት የሚጋረፍ ሙቀት። አላስገባትም። አክስት ጄሲ ለመደምደም ሁለተኛ ማስረጃ አያስፈልጋትም። መጀመሪያ ለዓሣ ሻጩ፣ ቀጥሎ ለቄሱ፣ በመጨረሻ ደውላ ለኢሽቤል ነገረቻት። ሮሪ ሴት አስገብቷል፤ ያውም ትልቅ ሴት፣ ባለጠጋ ሳትሆን አትቀርም፣ አንቱ ይላታል፤ ምግብም አይጥማትም።

ኢሽቤል ስልኩን ዘግታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሮሪ አካፋ ይዞ ምድጃው ፊት ተንበርክኮ ነበር። ኢሽቤል ደፉ ላይ ቆመች፤ መነፅሯ ባንዴ በጉም ተሸፈነ። አውልቃ ወለወለችው። ከኋላዋ አክስት ጄሲ አንገቷን ታሰግጋለች።

ኢሽቤል ሴት ፈለገች፤ ሴት የለም። አልጋው አልተነካም፤ ሮሪ የሚተኛው ወለሉ ላይ፣ ሣጥኑ ሥር ነው። የከሰሉን ክምር አየች። ፍሎራን አየች፤ ደህና ናት፣ ቆዳዋ ያበራል። ከዚያ ዓይኗ ወደ ሣጥኑ ጣራ ወጣ፣ ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረ። የሞተር ተማሪ ናት፤ ብዙ አላስፈለጋትም።

«ይሄ መቼ ነው የተቃጠለው?»

«ከገና በፊት።»

«አዲሱስ መቼ ተገዛ?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«ሮሪ፣ ይሄ እኮ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።»

ሮሪ አፉን ከፈተ። ከተማው የሚያውቀው ሮሪ እዚያች ላይ ቢያንስ አንድ መብረቅና ሁለት ሌባ ያመጣ ነበር። አካፋውን አስቀመጠ።

«እፈራታለሁ» አለ። «ነክቻት አላውቅም። እባብ የሚባል ነክቼ አላውቅም። የዚያን ቀንም መጠለያው ውስጥ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ ከውሻው ቀድሜ እሄድ ነበር።»

ኢሽቤል የከሰሉ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ካፖርቷን አላወለቀችም። ሮሪ ካፖርቱን እያየ፣ ቁልፉን ካልፈታች ትሄዳለች ብሎ ያስብ ነበር።

«የፈራኸው እሷን አይደለም» አለች በመጨረሻ። «እኔን ነው።»

«እሷንም ነው።»

ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ መልሳ ያዘችው። «አሁን ነግረኸኛል» አለች። «በዚያች በር ላይ ብትነግረኝ ይሻል ነበር። ተቀይሜሃለሁ፤ ገና እቀየምሃለሁ።» እንዲህ እያለች አንድ ቁልፍ ፈታች። ሁለተኛውንም። ካፖርቱን ምስማር ላይ ሰቅላ የመስታወቱን በር ከፈተች፣ ፍሎራን በሁለት እጇ አነሣች።

አክስት ጄሲ ያን ጊዜ ነው ያየችው። የበሩን መቃን ይዛ ቀረች፤ ድምፅዋ ከሩቅ መጣ።

«አንቱ የምትላት... ይቺን ነው?»

«ታዲያ ማን ይደፍራታል፣ አክስት ጄሲ?»

አክስት ጄሲ ደረጃውን ወረደች። ረገጠችው ለማለት ያስቸግራል።

«እጅህን ዘርጋ» አለች ኢሽቤል።

«ኢሽ...»

«ሥራውን እኔ እሠራለሁ። አንተ ያዛት።»

ዘረጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ጉልበቱ ከሚንቀጠቀጠው የተነሣ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ይደውል ነበር። ከዚያ መዳፉ ላይ ክብደት አረፈ። የሚያሙለጨልጭ ነገር ጠብቆ ነበር፤ ደረቅ ነች። ለስላሳና ለብ ያለች፤ የለብታዋም ምንጭ እሱ ራሱ የተሸከመው ከሰል ነው። ቀስ ብላ ወደ ክንዱ ወጣች፣ ክርኑ ጥግ ተጠቀለለች፣ ተኛች። ብርጭቆው መደወሉን ቀነሰ።

ካቻቢቴው ሣጥኑ ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማዋል። ሁለት ደቂቃው አለፈ። ሌላ ሁለትም አለፈ።

«አልጨረስሽም?» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«ብሎኑ ዝጓል» አለች። ድምፅዋ ቅርብ ነበር፤ ከሣጥኑ በኩልም አልመጣም።

ሮሪ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ኢሽቤል ፊቱ ቆማ ታየዋለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ያን ቀን መጠለያው ውስጥ እንዳየችው። አዲሱ ማሞቂያ ከኋላዋ ተሰቅሎ በርቷል። አሮጌው ብሎን መዳፏ ላይ ነው፤ ዝገት የሚባል የለበትም።

ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

«አትቸኩዪ» አላት።